ማስመሪያ እና ጠባቡ ኮሪደር

ታላቅ እህቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ማስመሪያ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ማን እንዳወጣላት አይታወቅም፤ ያያት ሰው ግን ለምን እንደወጣላት አይጠይቅም። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ ስትራመድ ቀጥ ብላ ነው። ወንበር ላይ ስትቀመጥ እንኳ ጀርባዋ መደገፊያውን አይነካም። እኔ ግን እስከ ዛሬ «እታለም» ነው የምላት። አፌን ስፈታ እንዲያ ብዬ ስለጠራኋት እዚያው ቀረ።

ሥራዋ የቤት ፕላን መሥራትና የዋጋ ግምት ማውጣት ነው። ሰው አዲስ ቤት ሊሠራ ወይም ያለውን ሊያድስ ሲያስብ እሷ ጋ ይመጣል። እሷ ሄዳ ቤቱን ትለካና ኮምፒውተር ላይ ታቆመዋለች። ፕሮግራሙ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ወለሉንና ጣሪያውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ በጎን በኩል ደግሞ ብሎኬቱን፣ ሲሚንቶውን፣ ቀለሙንና የእጅ ዋጋውን እየደመረ ይሄዳል። መስኮት ስታሰፋ ሂሳቡ ወዲያው ይነቃነቃል፤ ግድግዳ ስታነሳም እንደዚሁ። የእኔ የግንባታ ዕቃ መደብር ከቢሮዋ ሥር ምድር ቤቱ ላይ ስለሆነ፣ የዕቃ ዋጋ የምትጠይቀው እኔን ነው። ጠዋት ጠዋት ከደረጃው አናት ላይ ብቅ ትልና፣

«አንተ! ሲሚንቶ ዛሬ እንዴት ነው?» ትለኛለች።

«እንደ ትናንቱ ነው።»

«የትናንቱንማ ትናንት ነግረኸኛል። እኔ የዛሬውን ነው የጠየቅኩህ።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ፕሮግራም ለእኔ ገበያ ብዙም አልተመቸም። ድሮ ሰው ሴራሚክ የሚገዛው በዓይኑ ገምቶ ነበር። ሲተርፈው ግቢው ጥግ ይከምረዋል፣ እኔም አልከፋም። አሁን ግን የእህቴን ወረቀት ይዞ ይመጣና «ይቺን ብቻ» ይለኛል። አንድ ቀን «እታለም፣ የገዛ ወንድምሽን ልታከስሪው ነው እንዴ?» ብዬ ብቀልድባት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ «ጥግ የሚከመር ሴራሚክ መሸጥም ሥራ ሆኖ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁትም።

ይህ ሥራ ለምን እንዲህ አጥብቆ እንደያዛት እኔ አውቃለሁ። ያደግነው ባላለቀ ቤት ውስጥ ነው። አባታችን ቤቱን ሲጀምር ሦስት ክፍል አስቦ ነበር፤ የሁለቱን ጣሪያ ከመታ በኋላ እጁ አጠረው። ሦስተኛው ክፍል ግድግዳው ቆሞ፣ ለበሩም ለመስኮቱም ቦታ ተትቶለት፣ ጣሪያ ሳይኖረው ቀረ። ልብስ እናሰጣበት ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር እናታችን «ኧረ ክፍሉ ሊዘንብበት ነው!» እያለች ወደዚያ ትሮጣለች፤ ያኔ ነገሩ ያስቀን ነበር። ያ ክፍል የእህቴ ሊሆን ታስቦ የነበረ ነው። በልጅነቷ አባታችንን እየተከተለች «አባዬ፣ እሱን ለመጨረስ ምን ያህል ይፈጃል?» ትለው ነበር። እሱም ራሷን እየዳበሰ «ኧረ እሱን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው» ይላታል። መልሱ አልዋጥላት ብሎ ነው ያደገችው። አባታችን ደግም ታታሪም ሰው ነበር፤ ሥራውን ሲጀምር ግን አብሮት ቁጭ ብሎ ያሰላለት ሰው አልነበረም።

ትምህርቷን ስትጨርስ የፕላን ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ያን ጊዜ ሁሉም በእጅ ነበር የሚሠራው። እርሳሷን ቀርጻ፣ ስስ ወረቀት ዘርግታ ስታሰምር ያያት ሰው እጇ ማሽን ይመስለው ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩ መጣ። መጀመሪያ ሰሞን ማውሱን እንደ ጊንጥ ነበር የምትነካው። ቤት ገብታ «ይሄ ነገር መስመሬን ሰረቀኝ» ብላ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ግን እልኸኛ ናት። ከሥራ በኋላ እየቀረች፣ እያበላሸች፣ እንደገና እየጀመረች ለመደችው። አንድ ቀን ታዲያ ፊቷ በርቶ ወደ መደብሩ ገባች።

«ታውቃለህ?» አለችኝ፣ «ግድግዳውን ስስበው ዋጋው ራሱ ይደመራል!»

«እና?»

«እናማ አባዬ ይሄ ቢኖረው ኖሮ!» አለች። ከዚያ ብዙም ሳትቆይ የራሷን ቢሮ ከመደብሬ በላይ ከፈተች።

የሹፌሩ ነገር የመጣው ይህ ሁሉ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው። ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ድምፁ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ ጨዋታ ወዳድ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የሰፈሩ ሰው ግማሹ እሳቸው የሰፉለትን ለብሶ ነው ያደገው። እማማ እንላቸዋለን። እማማ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት። መንቀሳቀስ ከተባለ ነው። ቤታቸው የድሮ ቤት ስለሆነ ኮሪደሩ ጠባብ፣ በሮቹም ጠባብ ናቸው፤ ወንበሩ ከመኝታ ክፍሉ አይወጣም። መውጣት ካለባቸው ሹፌሩና አንድ ጎረቤት ተጋግዘው ያወጧቸዋል። እማማ ደግሞ ሰው ሲሸከማቸው አይወዱም። ስለዚህ የጎረቤት አጥር ብቻ በሚያሳይ መስኮት ሥር ነበር የሚውሉት።

ሹፌሩ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ እህቴ ቢሮ ገባ። እኔም የጠየቀችኝን የዋጋ ዝርዝር ላደርስላት እዚያው ነበርኩ።

«ልጄ፣ ክፍል ልሠራ ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ጓሮው ላይ። ሰፊ! መታጠቢያው ከነሙቅ ውኃው ውስጡ የሆነ፣ መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር። ለባለቤቴ ነው። ግን አታውቅም፤ ድንገት ነው የማስደስታት።»

«አባባ፣ ጓሮው ላይ ግንበኛ ገብቶ ብሎኬት እየተደረደረ እንዴት አያውቁም?» አለችው እህቴ።

«መስኮቷ በሌላ በኩል ነው። ድምፁን ደግሞ የጎረቤት ነው እላታለሁ።»

እህቴ ሳቀችና ቀጠሮ ያዘች። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ፤ የሜትሩን ጫፍ የምይዝላት እኔ ነኝ። ሹፌሩ እማማን «የውኃ ቆጣሪ ሊያዩ መጥተው ነው» ብሏቸው ስለነበር፣ ቤቱን ስንለካ በሹክሹክታ ነበር የምንነጋገረው። እህቴ አዲሱን ክፍል ብቻ ሳይሆን መላውን ቤት ለካች። ልማዷ ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር የት እንደሚገናኝ ሳላውቅ አልገምትም ትላለች።

ክፍሉ ስክሪኑ ላይ ሲቆም በጣም ያምር ነበር። ሹፌሩ ወንበሩን ስቦ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋ። «ወይ ጉድ! ግቢዬን እኮ ነው!» አለ። ከዚያ ዓይኑ በጎን ወዳለው ድምር ሄደ።

«ልጄ፣ ይሄ ቁጥር የአንድ ክፍል ነው ወይስ የሰፈሩ በሙሉ?»

«የአንድ ክፍል ነው፣ አባባ። መሠረት አለው፣ አርማታ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ የፍሳሽ መስመር አለው።»

«እሺ፣ ወደ ኋላ ማርሽ እናስገባና መስኮቱን እናሳንሰው።»

መስኮቱ አነሰ፤ ዋጋው ትንሽ ወረደ። ሴራሚኩ ወደ ተራ ሲሚንቶ ወለል ተቀየረ። የሙቅ ውኃው ነገር ወጣ። ሹፌሩ በየጊዜው እየመጣ አንድ ነገር ያስቀንሳል፣ ክፍሉም እየጠበበና እየጨለመ ሄደ። በመጨረሻ ላይ ቁምሳጥን የምታህል ነገር ሆነች፤ ዋጋዋ ግን አሁንም ከአቅሙ በላይ ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ከድምሩ በላይ ያለችውን መስመር በጣቱ እየነካ።

«መጠባበቂያ ነው። አሮጌ ቤት ሲነካ የማይታሰብ ነገር ይወጣል።»

«ለማይታሰብ ነገር ማሰብ? ይቺን አውጪልኝ።»

«እሷንስ አላወጣም፣ አባባ» አለች እህቴ። ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ማውሱን ለቀቀችው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እማማ ክፍል ይሠራልኝ ብለዋል?»

«እንዴት ትላለች? ድንገት ነው የማስደስታት አላልኩሽም?»

«ታዲያ የምንሠራው እሳቸው የሚፈልጉትን ነው ወይስ እርስዎ የሚፈልጉትን?»

ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር። ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነው የመጣው። «ልጄ፣ ያቺ ሴት በዚያች መስኮት ያንን አጥር ስታይ ማየት አቃተኝ። የሆነ ትልቅ ነገር ላድርግላት ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል። እሳቸውን እንጠይቅ ግን» አለችው።

ነገሩ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶት፣ በስንት ማግባባት እሺ አለ። ላፕቶፑን ይዘን ሄድን። እማማ አልጋቸው አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቁልፍ እየሰፉ ነበር። እህቴን ቀና ብለው ከእግር እስከ ራስ አዩዋትና «የውኃ ቆጣሪ የምታይው ልጅ አንቺ ነሽ አይደል?» አሉ። «ቆጣሪ ለማየት አልጋ ሥር ድረስ ሜትር ሲዘረጋ ያየሁት በእናንተ ነው።» ሹፌሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

እህቴ ይቅርታ ጠይቃ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አደረገችላቸው። ያሳየቻቸው ግን አዲሱን ክፍል አልነበረም። ያለውን ቤታቸውን ነው፣ እንዳለ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሰው እንደሚራመድ ሆኖ ቤቱን መዞር ይቻላል። የምታራምደውን የኮምፒውተር ቁልፍ እንዴት እንደሚጫኑ አሳየቻቸው። የልብስ ሰፊ ጣት ነውና ቶሎ ለመዱት፤ ስክሪኑ ላይ መራመድ ጀመሩ።

ከመኝታ ክፍሉ ወጡ። ኮሪደሩን በቀስታ ሄዱ። ሳሎን ገብተው ዞር ዞር አሉ። ከዚያ ወደ ማእድ ቤቱ አመሩና በሩ ላይ ቆሙ። ከወደቁ ወዲህ ማእድ ቤታቸውን አይተውት አያውቁም ነበር፤ እህቴም ይህን የገመተችው እዚያው፣ ጣታቸው ቁልፏ ላይ ሲቀር አይታ ነው።

«አይ» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ የኔ ማእድ ቤት አይደለም። መደርደሪያው በግራ ነው፤ እዚህ በቀኝ አድርገሽዋል።»

እህቴ የለካችበትን ወረቀት አወጣች። «እማማ፣ እኔ ስለካ በቀኝ ነበር።»

እማማ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ ሰውዬ፣ መደርደሪያዬን ማን አዞረው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሹፌሩ። «ለእጄ እንዲመቸኝ ብዬ ነው። ስኳር ፍለጋ ስዞር መዋሌ ነው እኮ።»

«ስኳሩንስ የት አደረግኸው?»

«ከሳሙናው ጎን።»

እማማ ሳቁ። መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ወንበሩ እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቁ፤ ዓይናቸውንም በመሐረባቸው ጠረጉ። ሹፌሩም ከእሳቸው ጋር ሳቀ። ከዚያ እህቴ ስለ አዲሱ ክፍል ነገረቻቸው፤ አሳየቻቸውም፣ መጀመሪያ የነበረውን ውቡን። እማማ በጥሞና ካዩት በኋላ ባላቸውን እጁን ያዙት።

«ያምራል። የኔ ጌታ፣ ያምራል። ግን ለኔ ክፍል ከክፍል ምን ይሠራልኛል? ከዚህ አንስተህ እዚያ ታስቀምጠኛለህ። ጓሮ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ማን ያየኛል?»

«እና ምን ልሥራልሽ?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ መሰለ።

እማማ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ። «ልጄ፣ ይሄን ግድግዳ ማንሳት ይቻላል?» አሉ የኮሪደሩን ግድግዳ በጣታቸው እየነኩ። ኮሪደሩን ከሳሎኑ የሚለየው ነው። እህቴ ግድግዳውን ነካችው፤ ጠፋ። ጠባቡ ኮሪደር የሳሎኑ አካል ሆነ። እማማ «እሰይ!» አሉ። ከዚያ በሮቹ ይስፉ አሉ፤ ሰፉ። የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ተቀምጬ እንድደርስበት ዝቅ ይበል አሉ፤ ዝቅ አለ። የሳሎኑ የመንገድ መስኮት እስከ ወለሉ ወርዶ በር ይሁን፣ ከፊቱም ደረጃ ሳይሆን ለወንበሩ የሚመች ዘቅዘቅ ያለ መውጫ ይሁን አሉ። «መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው ልይ። ሰውም ይየኝ። አልሞትኩም እኮ።»

ይህ ሁሉ ሲጨመር ሹፌሩ ከኋላቸው ቆሞ ድምሩን ነበር የሚጠብቀው። እያንዳንዱ ነገር ሲነካ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ እሱም ከንፈሩን ይነክሳል። እማማ ሲጨርሱ እህቴ ድምሩን አሳየችው። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ፣ እንደገና አደረገ።

«ይሄ... ይሄ እኮ ከዚያች ከቁምሳጥኗም ያነሰ ነው!»

«መሠረት የለም፣ ጣሪያ የለም፣ ፍሳሽ የለም» አለችው እህቴ። «ያለውን ነው ያስተካከልነው።»

«አቅማችን ይችላል ማለት ነው?»

«እርስዎ ያውቃሉ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ!» አለችው። ሹፌሩ ግን የሚስቱን ትከሻ እያሻሸ ነበር።

ሥራው ተጀመረ። ግንበኛው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ኮሪደሩን ማፍረስ ከመጀመሩ በፊት ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ እየመታ ያዳምጥ ነበር። ጣሪያውን የሚሸከም ግድግዳ አለመሆኑን እህቴ አስቀድማ አጣርታለች። ቢሆንም ግማሹ እንደፈረሰ ከውስጡ ማንም የማያውቀው የድሮ የውኃ ቧንቧ ወጣ፤ ዝጎ ዝጎ፣ በእጅ ሲነካ የሚፈረፈር። ለካ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነው በእሱ ነበር። መቀየር ግድ ሆነ።

ሹፌሩ መደብሬ መጣ። ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ ስለ አየሩ ሁኔታ አወራኝ። ከዚያ «እህትህ አለች?» አለኝ።

«አለች፣ ላይ ናት።»

«ያቺ... ያቺ መስመር አለች አይደል? ያልታሰበው ነገር የሚባለው?»

«መጠባበቂያው?»

«እሱ። አላወጣችውም አይደል?»

«አላወጣችውም፣ አባባ።»

«ጎበዝ ልጅ!» ብሎ ከረጢቱን እንደ ፈረስ መታ አደረገውና ተነሳ። አዲሱ ቧንቧ በመጠባበቂያው ተሸፈነ፤ ጥቂትም ተረፈ። በተረፈው እማማ ለማእድ ቤቱ ደማቅ ቢጫ ቀለም መረጡ። ሹፌሩ «ዓይን ይወጋል» ብሎ ነበር፤ «አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ስኳርህን ፈልግ» አሉት።

ሥራው ባለቀ ዕለት እህቴና እኔ ተጠርተን ሄድን። ግንበኛው የመጨረሻውን አቧራ እየጠረገ ነበር። ሹፌሩ ወንበሩን ሊገፋ እጁን ሲዘረጋ እማማ «ተው» አሉት። ሁለቱንም ጎማ በእጃቸው ይዘው ከመኝታ ክፍሉ ወጡ። በሩ ላይ ወንበሩ ይነካ ይሆን ብለን ሁላችንም ትንፋሻችንን ያዝን፤ አልነካም። ወደ መንገዱ ይሄዳሉ ብለን ነበር። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ ማእድ ቤቱ ገቡና በሩን ከውስጥ ገፋ አደረጉት። ዕቃ ሲንኳኳ፣ ጣሳ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማን። ሹፌሩ በሩን ከፈት አድርጎ ሊያይ ሲል «ውጣልኝ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፊቱ እንዴት እንደበራ መናገር አልችልም። በሩን መልሶ ዘጋና «ሰማችሁ?» አለን። «አባረረችኝ እኮ!»

እህቴ ሳሎኑ መሃል ቆማ ነበር፣ ኮሪደሩ በነበረበት ቦታ ላይ። ከመንገዱ በር የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተንጣሎ እስከ መኝታ ክፍሉ ድረስ ደርሷል። ስክሪኑ ላይ ስንት ጊዜ ያየችውን ቤት እንደ አዲስ ታይ ነበር። «ብርሃኑ እዚህ ድረስ እንደሚመጣ አላወቅኩም ነበር» አለችኝ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲህ እማማ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር ይቀመጣሉ። የስፌት መኪናቸውን አስወጥተው ትንሽ ትንሽ ሥራ ይቀበላሉ፤ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ሰላም ሳይላቸው አያልፍም። እሳቸውም ቤቱን ማየት የሚፈልገውን ሁሉ እየጠሩ ያስገባሉ፤ ሰውም ከእሳቸው ቤት ወጥቶ ወደ እህቴ ይመጣል። ሹፌሩ ማእድ ቤት መግባት የተፈቀደለት ዕቃ ለማጠብ ብቻ ነው፤ ይህንንም ለሁሉም ሰው በኩራት ነው የሚያወራው።

እህቴም አሠራሯን ትንሽ ቀይራለች። ባለፈው አንድ ጥንድ መጣ፤ ባልየው ፎቅ ልጨምር ነው ብሎ እጁን እያወዛወዘ ብዙ አወራ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችውና ላፕቶፑን ወደ ሚስትየው አዞረች። «እሺ እመቤት፣ አንቺስ ምን አሰብሽ?» አለቻት። ሚስትየው መጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። እኔ የዋጋ ዝርዝሬን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ትቼላቸው ወደ መደብሬ ወረድኩ፤ ከላይ የሦስቱም ድምፅ ይሰማኝ ነበር።